የጋሽ ሸምሱ ባዶ መስመሮች

ንዴቴ እስኪበርድ ጠብቄ ልጽፈው አስቤ ነበር። ሰባት ወር ጠበቅሁ፤ አልበረደም። ስለዚህ እንደተናደድኩ እጽፈዋለሁ፣ እናንተም የተናደደ ሰው እንደሚያወራችሁ አድርጋችሁ አንብቡት። ቅደም ተከተሉን ግን አላዛባም።

ቡታጅራ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ያን ጊዜ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። የወልቂጤ ልጅ ነኝ። ጠመኔ እንኳ በርዝመቱ የምደረድር፣ የተማሪ ደብተር ጠርዙ ከታጠፈ ሳላቃና የማላርም ሰው ነኝ። ይህን የምነግራችሁ ለመመካት አይደለም፤ ጥፋቴ የመጣው ከዚሁ ጠባዬ ስለሆነ ነው።

የመምህራኑ ማስታወሻ በየፈርጁ ነበር። ግማሹ በደብተር፣ ግማሹ በስልክ፣ ግማሹ አንዱ ኮምፒውተር ከፍቶት ሌላው በማይከፍተው ፋይል። «ሁላችንም በተራ ጽሑፍ እንጻፍ» አልኩ። ተራ ጽሑፍ ማለት ጌጥ የሌለው፣ የትኛውም አሮጌ ስልክ የሚከፍተው ጽሑፍ ነው። ርዕስ ሲሆን ከመስመሩ ፊት የመሰላል ምልክት (#) ታደርጋላችሁ፣ ዝርዝር ሲሆን ሰረዝ፣ መድመቅ ያለበት ቃል ሲሆን ግራና ቀኙ ላይ ኮከብ። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም። መምህራኑ ወደዱት፤ ከወደዱት በኋላ ግን እንደየቤታቸው ጻፉበት። አንዱ ሰረዙን ከፊደል ያጣብቃል። አንዱ በአራት ነጥብ ፋንታ ሁለት ነጥብ ሁለቴ ይመታል። አንዷ በአንቀጽና በአንቀጽ መሐል ኳስ የሚያጫውት ሜዳ ትተዋለች።

እሱን ማየት አልቻልኩም። ሦስት ወር ሙሉ ከሥራ በኋላ እየተቀመጥኩ ራሱ የሚያስተካክል ፕሮግራም ሠራሁ። ስሙን «ማበጠሪያ» አልኩት። የተንጨባረረ ፋይል ትሰጡታላችሁ፣ የተበጠረ ይመልስላችኋል። ሰረዞቹን ያስተካክላል፣ አራት ነጥቡን ያቃናል፣ የተቆራረጡ መስመሮችን ወደ አንድ አንቀጽ ይገጥማል፣ የተደራረበ ባዶ መስመር ካገኘ አንዱን ትቶ ሌላውን ያጠፋል። የእንዲህ ዓይነት ፕሮግራም ሕጉ አንድ ነው፦ መልክ እንጂ ይዘት አይነካም። አንድ ጊዜ የተበጠረን ጽሑፍ እንደገና ብታበጥሩት ምንም መለወጥ የለበትም። መቶ ጊዜ ሞከርኩት፣ አለፈ። እንደ እናት ነበር የኮራሁበት።

ምክትል ርዕሰ መምህራችን አቶ ደረጀ ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው በራ። በመምህራን ስብሰባ ላይ ተነሥተው፣ «ሱፐርቫይዘሮች በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣሉ። የሁሉም ሰው ማስታወሻ በማበጠሪያ ይለፍ። አንድም እንዳይቀር» አሉ።

ከጥግ ጋሽ ሸምሱ እጃቸውን አወጡ። ጋሽ ሸምሱ የታሪክ መምህር ናቸው፤ የመስቃን ሰው፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ዓይነ ስውር። ላፕቶፓቸው ጽሑፍ በድምፅ ያነብላቸዋል፤ አንዱን ማዳመጫ በግራ ጆሯቸው ሰክተው፣ ጣታቸውን ወደታች በምታወርደው ቁልፍ ላይ አድርገው ነው የሚያስተምሩት።

«ሐና፣ ይሄ ማበጠሪያሽ ምኑን ነው የሚነካው?»

«ምንም አይነካም ጋሼ። መልኩን ብቻ ነው።»

«መልኩን ብቻ?»

«መልኩን ብቻ።»

«እንግዲያ ይለፍ። እኔ በመልክ ጉዳይ ከማንም ተጣልቼ አላውቅም፤ ባለቤቴ ምስክር ናት።»

ቤቱ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ፍላሻቸውን ሰጡኝ፣ ማበጠሪያውን እዚያው ፍላሹ ላይ ለቀቅሁት። አሮጌውን ቅጂ ላስቀምጥ ወይ ብዬ አስቤ ነበር። ሁለት ቅጂ ካለ ግን ሰው የቱ ትክክል እንደሆነ ይጠፋዋል፣ አሮጌው ይሙት አልኩ። እንዲህ ነበርኩ።

ማክሰኞ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ሁለት ሱፐርቫይዘሮች አስራ አንደኛ ሐ ክፍል ገብተው ከኋላ ተቀመጡ። አቶ ደረጀ ከአጠገባቸው፣ እኔ ከአቶ ደረጀ አጠገብ። እኔን የጠሩኝ የተበጠረውን ማስታወሻ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ እንዳሳይ ነው። አሳየሁ። በእውነት ያምር ነበር፤ አንቀጾቹ ቀጥ ብለው፣ ርዕሶቹ እንደ ወታደር ተሰልፈው።

ጋሽ ሸምሱ ቁልፏን ነኩ። ጠበቁ። አሁንም ጠበቁ። ቅንድባቸው ተሰበሰበ። ከዚያ ስለ ረጅም ርቀት ንግድ መናገር ጀመሩ፤ አሞሌ ጨው እንዴት እንደ ገንዘብ ያገለግል እንደነበር። ጥሩ ነበር። ቁልፏን ደግመው ነኩ፣ ሠለሱ። ድምፃቸው ፈጠነ። ሰውየው ማስተማሩን ትተው ከሆነ ነገር ኋላ የሚሮጡ መሰሉ። «ዶሮ ለመግዛት አሞሌው ይቆረሳል ወይስ ዶሮዋ ትሰነጠቃለች ሲራራ ነጋዴዎች በየኬላው ቀረጥ ይከፍሉ ነበር» አሉ፣ በአንድ ትንፋሽ።

ከመሐል አንድ ልጅ ሳቁ አመለጠው። ሌሎቹ ተከተሉት።

ጋሽ ሸምሱ ቆሙ። ቁልፏን ወደ ላይ መቱ፣ ወደ ታች መቱ። ግንባራቸው ላይ ላብ አየሁ። አቶ ደረጀ ወደ ዋናዋ ሱፐርቫይዘር ወደ ወይዘሮ አስቴር ዘንበል ብለው፣ «ይኸውልዎ» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ሐዘን አልነበረም።

«ልጆች፣ ይቅርታ» አሉ ጋሽ ሸምሱ ማዳመጫውን እየነቀሉ። «ዛሬ መሄጃው ጠፋኝ።»

ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሃያ ደቂቃ ይቀር ነበር።

ኮሪደር ላይ አቶ ደረጀ ሲናገሩ ሰማሁ። «እኛ እናከብረዋለን። ግን የልጆች ጉዳይ ነው። ቤተ መጻሕፍት ብናስቀምጠው ለሱም ዕረፍት ነው፣ ለኛም።» ወይዘሮ አስቴር ቅጹን እየሞሉ፣ «ሪፖርቱን ዛሬ ዐሥር ሰዓት እንዘጋለን፤ ነገ ከሰዓት ወደ ወልቂጤ ተመላሽ ነን» አሉ። ልብ በሉ፦ ስድስት ዓመት በብሬል፣ ስድስት ዓመት በላፕቶፕ ያስተማረ ሰው እስከ ዐሥር ሰዓት ድረስ ብቻ መምህር ነበር።

ጋሽ ሸምሱን መምህራን ክበብ አገኘኋቸው። ሻይ አዘዋል፣ አልነኩትም።

«ማሽኑ ተበላሽቶ ነው ጋሼ?»

«የማሽን ሐኪሟ አንቺ። እንኪ ስሚው።»

ማዳመጫውን ሰካሁ፣ ቁልፏን ነካሁ። ያ ቆርቆሮ የሚመስል ድምፅ ጀመረ፣ አላቆመም። አንድ አንቀጽ ሙሉ እንደተቀደደ ጆንያ ዘረገፈው።

«ድሮ እንዲህ አልነበረም?»

«እንዲህ ቢሆን ምን አስተምርበት ነበር? እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር በራሱ መስመር ነው የነበረ። አንድ ስነካ አንድ ይነግረኛል፣ እሱን ለልጆቹ በራሴ አፍ አወራዋለሁ። እሱስ ይሁን። ባዶዎቼ የት ሄዱ?»

«የምን ባዶ?»

«ባዶ መስመር። ማሽኑ ባዶ መስመር ሲደርስ ‹ባዶ› ይላል። አንድ ባዶ፣ አዲስ ሐሳብ። ሁለት ባዶ፣ ቀጥሎ ያለው ተረክ ነው፣ ድምፅህን ለውጥ። ሦስት ባዶ፣ ቁምና ልጆቹን ጠይቅ። ዛሬ የዶሮዋ ጥያቄ ላይ ሦስት ባዶ ስጠብቅ ኬላና ቀረጥ መጣብኝ። ማሽኑ ተንቀራፈፈ ብዬ ቁልፉን ደጋገምኩት፣ ይኸው አንቀጽ ዘልዬ ገደል ገባሁ።»

ጆሮዬ ጋለ። ሻያቸውን እያየሁ፣ «እኔ ነኝ ጋሼ» አልኩ። «ማበጠሪያው ነው ያጠፋቸው። የተደራረበ ባዶ ትርፍ ነው ብዬ አዝዤዋለሁ።»

ጋሽ ሸምሱ ሻያቸውን ወደ ጎን ገፉት።

«መልኩን ብቻ ብለሽኝ ነበር።»

«አዎ።»

«ለኔ መልኩ እሱ ነው እኮ።»

አሮጌው ቅጂ አንድ ቦታ ሊኖር ይችላል ብዬ ጉብሬ ያለ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ፤ ማበጠሪያውን ስሠራ ለሙከራ ፋይሎች ልኬለት ነበር። ፈልጎ መለሰልኝ። እሱ ጋ ያለው ሒሳብና ኬሚስትሪ ብቻ ነው፣ ታሪክ የለም። «ሌላ ፕሮግራም ጽፈሽ መልሺዋ» አለኝ። አይመለስም። ይህን ለሁላችሁም ላስረዳ፦ ሦስት የነበረውን አንድ ማድረግ ለፕሮግራም ቀላል ነው፤ አንድ ሆኖ የቀረው ድሮ ሁለት ይሁን ሦስት ግን ማንም ማሽን አያውቅም። የሚያውቀው ያስቀመጠው ሰው ብቻ ነው።

ስምንት ሰዓት ላይ ምክትሉ ቢሮ ገባሁ። ወይዘሮ አስቴርም ነበሩ። ከላይ እስከ ታች በቅደም ተከተል አስረዳሁ።

«እህቴ፣ ቴክኒክ ውስጥ አንግባ» አሉ አቶ ደረጀ። «ጠንካራ መምህር ያለ ማስታወሻም ያስተምራል።»

«ሁሉም በማበጠሪያ ይለፍ ያሉት እርስዎ ነዎት።»

«አስተካክሉ አልኩ እንጂ አበላሹ አልኩ?»

መነጽራቸው ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ አነሣሁት። «ይህን ሰብሬ ‹አቶ ደረጀ ማንበብ ስለማይችሉ ከቢሮ ይነሡ› ብዬ ሪፖርት ብጽፍ ትክክል ነው?»

«አስቀምጪው» አሉ፣ በጣም ቀስ ብለው። አስቀመጥኩት።

ወይዘሮ አስቴር እስክሪብቷቸውን ዘግተው፣ «ነገ አንደኛ ክፍለ ጊዜ እንደገና አያለሁ። ከዚያ ወዲያ ጊዜ የለኝም» አሉ። ከቢሮው ስወጣ አቶ ደረጀ እስከ በሩ ሸኙኝ። «የሥራ አፈጻጸምሽን የምሞላው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ አይደል?» አሉኝ በፈገግታ።

ከጋሽ ሸምሱ ጋር በባጃጅ ቤታቸው ሄድን። ግቢው ሙሉ በርበሬ ተሰጥቷል፤ ገና ሳልገባ ሦስት ጊዜ አነጠሰኝ። ባለቤታቸው ዘይነባ በርበሬውን እያገላበጡ ቀና አሉ።

«ያበላሸችው ይቺ ናት?»

«ናት» አሉ ጋሽ ሸምሱ።

«ምሳ በልታለች?»

«እንጃ።»

«እንግዲያ ሳትበላ እንዳትሰድባት።»

በላሁ፤ ቆጮና ጎመን። ከዚያ በረንዳው ላይ ተቀመጥን። እኔ ጽሑፉን ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ እሳቸው «ቁረጪ»፣ «አንድ ባዶ»፣ «ሁለት» ይላሉ፣ እኔ እመታለሁ። የነገውን ምዕራፍ ብቻ ነው ልንደርስበት የምንችለው፤ ሌላው የዓመቱ ማስታወሻ ሁሉ ተከምሮ ይጠብቀናል። አንድ ሰዓት ያህል እንዲህ ሠራን። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ፣ «ሁለት» ሲሉኝ፣ «ጋሼ፣ እዚህ ጋ እንኳ አንድ ይበቃል፤ ተረኩ አጭር ነው» አልኩ።

ይህን ስጽፍ አሁንም ራሴን በጥፊ መምታት ያምረኛል።

ጋሽ ሸምሱ ላፕቶፑን ከእጄ ወሰዱት። አልጮኹም። ዘይነባ በርበሬውን የሚያገላብጡበት መጥረጊያ ግን ቆመ።

«አንቺ ልጅ፣ ስሚኝ። እዚያ ትምህርት ቤት ከገባሁ ጀምሮ ‹ምን እንርዳዎት› ያላለኝ ሰው የለም። መንገድ ያሻግሩኛል፣ ወንበር ይስቡልኛል፣ ሳልጠይቅ ሻይ ውስጥ ስኳር ያማስሉልኛል። ስኳር አልወድም። ‹እንዴት ነው የሚሠሩት› ያለኝ ግን አንድ ሰው የለም። አንቺም፣ ደረጀም። ያ ደረጀ ሊያወጣኝ እንደሚፈልግ ካወቅሁ ሦስት ዓመቴ ነው፤ እሱ ግልጽ ነው፣ እሱን እችለዋለሁ። አንቺን ግን ጠየቅሁሽ። ሰው ፊት ጠየቅሁሽ። ምኑን ይነካል አልኩሽ። ያኔ አንዲት ጊዜ ‹እርስዎ እንዴት ነው የሚጠቀሙበት› ብትይኝ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። አሁን ደግሞ ቤቴ ተቀምጠሽ አንድ ይበቃል ትይኛለሽ።»

አለቀስኩ። ማልቀሴም አናደደኝ፤ የተበደለ ሰው ፊት ማልቀስ ይቅር በሉኝ ብሎ እንደማስገደድ ነው።

«ዘይነባ፣ ውሃ ስጫት» አሉ። ከዚያ ላፕቶፑን መለሱልኝ። «ሁለት።»

ሁለት መታሁ። ፀሐይ ከዘቢዳር ተራራ ጀርባ ስትገባ ምዕራፉ አለቀ።

ረቡዕ ጠዋት፣ ያው ክፍል፣ ያው ወንበሮች። ጋሽ ሸምሱ ከመጀመራቸው በፊት፣ «ትናንት ለምን እንደጠፋሁ መምህርት ሐና ትነግራችኋለች» አሉ። ይህን አልነገሩኝም ነበር። ተነሣሁ። ማስረዳት የምወደው እኔ፣ ራሴ ያጠፋሁትን ራሴ ለአርባ ልጆች አስረዳሁ። ማንም አልሳቀም።

ከዚያ አስተማሩ። ግድግዳው ላይ ፕሮጀክተር አልነበረም። አንድ ቁልፍ፣ አንድ ዐረፍተ ነገር፤ የቀረውን ከራሳቸው። ሲራራ ነጋዴዎቹን ሲያወሩ ድምፃቸው ወረደ፣ ልጆቹ አንገታቸውን አሰገጉ። ከዚያ ቆሙ፣ ፊታቸውን ወደ ልጆቹ አዙረው፣ «እስቲ ንገሩኝ፤ ዶሮ ለመግዛት አሞሌው ይቆረሳል ወይስ ዶሮዋ ትሰነጠቃለች?»

«ነጋዴው ጉራጌ ከሆነ ሁለቱም አይሆንም ቲቸር» አለ ትናንት የሳቀው ልጅ። «ለገዢው ሰውዬ ሌላ አምስት ዶሮ ይጨምርና አሞሌውን ሙሉውን ይወስዳል።»

«ሰውየው አምስት ዶሮ ምን ያደርግለታል?»

«እሱ የሱ ጉዳይ ነው።»

ክፍሉ ፈነዳ። ወይዘሮ አስቴርም አፋቸውን በቅጹ ሸፍነው ሳቁ። ከዚያ ሳቅ ውስጥ ጋሽ ሸምሱ ስለ ገንዘብና ስለ ምንዛሪ ያወጡት ትምህርት እኔ ዩኒቨርሲቲ ያልተማርኩት ነው። ሲወጡ ወይዘሮ አስቴር እጃቸውን ጨብጠው፣ «አዲስ ቅጽ ሞልቼ አያይዛለሁ» አሉ።

እዚህ ላይ ታሪኩ ቢያልቅ ባልተናደድኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደብዳቤ መጣ፦ መምህር ሸምሱ «በተደረገው ምልከታ መሠረት» ወደ ቤተ መጻሕፍት ተመድበዋል። የተጠቀሰው የማክሰኞው ምልከታ ነው። የረቡዕን ያነሣው የለም። ወይዘሮ አስቴር ጋ ደወልኩ። «እኔ ሞልቼ፣ ፈርሜ፣ ከመጀመሪያው ጋር በስቴፕለር አያይዤ ለምክትሉ ሰጥቻለሁ። ወደ ላይ የላከው ትምህርት ቤቱ ነው» አሉኝ። አቶ ደረጀን ጠየቅሁ። «አንድ መምህር፣ አንድ ቅጽ ነው የሚላከው» አሉ። «ሁለት ሲሆን ከላይ ያሉት ግራ ይገባቸዋል።»

ይህን ከየት እንደሰማሁት አወቅሁ። ከራሴ ነው። እኔም የጋሽ ሸምሱን አሮጌ ቅጂ ያጠፋሁት በዚሁ ምክንያት ነበር። ያን ዕለት የተናደድኩት በአቶ ደረጀ ይሁን በራሴ እስካሁን ለይቼ አላውቅም።

ምን ተለወጠ ትሉኝ ይሆናል። ማበጠሪያውን አልጣልኩትም፤ ሥርዓት አሁንም እወዳለሁ። አሁን ግን ከመንካቱ በፊት ዋናውን ያስቀምጣል፣ ሊለውጠው ያሰበውን ለባለቤቱ ያሳያል፣ ባለቤቱ እሺ ካላለ አይነካም። በየመምህሩ ወንበር ዞሬ «እንዴት ነው የሚሠሩት?» ብዬ ጠየቅሁ። ብታምኑም ባታምኑም፣ ከአስራ ሰባት መምህራን ስድስቱ እኔ ቆሻሻ ያልኩት ነገር ውስጥ የራሳቸው ምልክት ነበራቸው። አንዷ ያን ሰፊ ሜዳ የምትተወው ልጆች ጥያቄያቸውን የሚጽፉበት ነው። እናንተም መምህር ሁኑ፣ የቢሮ ሠራተኛ ሁኑ፣ የሰው ሥራ «ላስተካክልልህ» ብላችሁ ከመነሣታችሁ በፊት ያቺን የሁለት ደቂቃ ጥያቄ ጠይቁ። ምክር አይደለም፤ እየለመንኳችሁ ነው።

ጋሽ ሸምሱ ቤተ መጻሕፍት ናቸው። የቀረውን ማስታወሻ በየሳምንቱ ቅዳሜ በረንዳቸው ላይ እየመለስን ነው፤ «ክፍል የሌለው መምህር ማስታወሻ ምን ያደርግልዎታል?» ብዬ አልጠይቃቸውም፣ እሳቸውም አያነሡትም። አቤቱታ ጽፈናል። ጥፋተኛዋ እኔ እንደሆንኩ፣ ፕሮግራሙ ምን እንዳጠፋ፣ ረቡዕ ዕለት ምን እንደታየ ቁጥር ሰጥቼ ዘርዝሬ ፈርሜበታለሁ። ይዤው ወልቂጤ ድረስ ሄጄ ነበር። በአረቅጥና በአገና በኩል፣ በሚኒባስ፣ ሙሉ ቀን። የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ አገላብጦ አየውና መለሰልኝ። የትምህርት ቤቱ ማኅተም የለበትም። ማኅተሙ አቶ ደረጀ መሳቢያ ውስጥ ነው። አምስት ጊዜ ጠይቄያቸዋለሁ፣ አምስት ጊዜ ነገ ብለውኛል።

ለእናንተ ለመጻፍ ግን ማኅተም የጠየቀኝ የለም። ስለዚህ ጻፍኩላችሁ።